ሐይቁ ለምን ተቆራረጠ? ከሐዋሳ የአንድ ሠርግ ቪዲዮ የጉዳይ ጥናት

ሐዋሳ ውስጥ የሚሠራ አንድ አነስተኛ የቪዲዮ ስቱዲዮ በአንድ ሠርግ ላይ የገጠመውን ችግር ነው እዚህ የማሰፍረው። ሠርግ የሚቀርጽ ሁሉ ችግሩን ያውቀዋል። ፋይሉ ሲያንስ ምስሉ ይቆራረጣል። መንስኤው ግን ብዙ ጊዜ በደፈናው "ቢትሬት አነሰ" ተብሎ ይታለፋል። ቢትሬት ለአንድ ሰከንድ ቪዲዮ የሚመደበው የመረጃ መጠን ነው። በዚህ ሥራ ላይ መንስኤዎቹን አንድ በአንድ ለመለየት ዕድል ስለተገኘ ለሌሎች ይጠቅማል ብዬ አሰብኩ። የስቱዲዮው ባለቤትም ሆነ ቤተሰቡ ስማቸው አይጠቀስም። እኔ ሥራውን ያገዝኩት በኢንኮዲንጉ፣ ማለትም ያለቀውን ፊልም ጨምቆ ፋይል በማድረጉ፣ በኩል ነው።

የሥራው ዳራ

ስቱዲዮው ትንሽ ነው። ባለቤቱ ራሱ ካሜራማን ነው። ከእሱ ሌላ አንድ ኤዲተርና አንድ ረዳት አሉ። ሠርጉ የተቀረጸው በሁለት ካሜራ ሲሆን ለሐይቅ ዳሩ ክፍል ፈቃድ ያለው ድሮን አብራሪ በኪራይ መጥቷል። ጠዋት ሙሽሪት ቤት፣ ከሰዓት ሐይቅ ዳር ፎቶ፣ ከዚያ አዳራሽ። የተለመደው የሐዋሳ ሠርግ ነው።

ተቆርጦ ያለቀው ፊልም 2 ሰዓት ተኩል ሆነ። ቤተሰቡ በሁለት መልክ ፈለገው። አንደኛው ሳሎን ባለው ቲቪ ላይ በፍላሽ የሚታይ ነው። ሁለተኛው ዲሲና ደቡብ አፍሪካ ላሉ ዘመዶች በቴሌግራም የሚላክ ነው። ሁለቱም የራሳቸው ጣሪያ አላቸው። ብዙ ቲቪ ያለ ችግር የሚያነበው በፋት 32 የፋይል አደረጃጀት የተዘጋጀ ፍላሽ ነው፤ ፋት 32 ደግሞ ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ አንድ ፋይል አይቀበልም። ቴሌግራም ክፍያ ለማይከፍል ተጠቃሚ የሚፈቅደው እስከ 2 ጊጋባይት ነው።

2 ሰዓት ተኩል ማለት 9,000 ሰከንድ ነው። ስሌቱን ስንሠራው ለፍላሹ ወደ 3.6፣ ለቴሌግራሙ ወደ 1.8 ሜጋቢት በሰከንድ ይደርሳል። ድምፁም ከዚሁ ላይ ነው የሚቀነሰው። ለ1080 ምስል 1.8 ጠባብ ነው። ሰው ተቀምጦ የሚያወራበት ቪዲዮ ቢሆን ይበቃል። ጭፈራ፣ ሐይቅና ድሮን ያለበት ሲሆን ነው ጣጣው።

ቅሬታው

ፍላሹ ከተሰጠ በኋላ የሙሽሪት እናት ደወሉ። "ልጄ፣ ይሄ ሐይቁ ምን ሆኖ ነው የተቆራረጠው? ጭፈራው ላይማ የሰው ፊት አይለይም" አሉ። ባለቤቱ "እማማ፣ እናስተካክለዋለን" ብሎ ፋይሉን አስመለሰ።

መጀመሪያ ያሰበው ቢትሬት መጨመር ነበር። ያ ከላይ ካለው ጣሪያ ጋር ይጋጫል። ቀጥሎ ኮዴኩን፣ ማለትም ቪዲዮ የሚጨመቅበትን ዘዴ፣ ለመለወጥ አስቦ "ወደ ኤች 265 እንቀይረውና ይለቃል" አለ። ይህ እምነት በስቱዲዮዎች ዘንድ ሰፊ ነው፤ ግማሽ እውነትም አለው። ከመቀየሩ በፊት ግን ምስሉ የት የት እንደሚበላሽ በደንብ እንይ ተባባልን።

ስናየው ጉዳቱ አራት ቦታ ላይ ከረረ። ድሮኑ ከሐይቁ በላይ ሆኖ በሚዞርበት ትዕይንት ምስሉ ወደ ካሬ ይበታተናል። ውሃው ሰፍቶ በሚታይበት ሁሉ ጭጋግ ይመስልና በየሰከንዱ ብልጭ ብሎ ይጠራል። ጭፈራው ላይ እጅና ትከሻ ይቀልጣሉ። አራተኛው ነው ግራ ያጋባን፤ በሁለተኛው ካሜራ የተቀረጸው የአዳራሽ ክፍል ሰዎቹ እምብዛም በማይንቀሳቀሱበት ጊዜ እንኳ ይበላሻል።

ኮዴኩ የሚያውቀው እንቅስቃሴ

እዚህ ላይ ትንሽ ቴክኒክ ማስገባት ግድ ነው። የተቀረው ሁሉ የሚቆመው በዚህ ላይ ስለሆነ።

ቪዲዮ ሲጨመቅ እያንዳንዱ ፍሬም ሙሉ ሥዕል ሆኖ አይቀመጥም። በካሬ ቁራጮች ይከፈላል። እ.ኤ.አ. በ2003 በወጣው ኤች 264 ዋናው ቁራጭ 16 በ16 ፒክሴል ነው፤ ሲያስፈልግ እስከ 4 በ4 ይወርዳል። ኢንኮደሩ ለእያንዳንዱ ቁራጭ ቀድሞ በተጨመቁት ፍሬሞች ውስጥ የሚመስለውን ይፈልጋል። ካገኘ "ከዚያ ቦታ ይህን ያህል ወደ ጎን፣ ይህን ያህል ወደ ታች ሄዷል" ብሎ ብቻ ይጽፋል። ይህ የእንቅስቃሴ ቬክተር ይባላል። እስከ ሩብ ፒክሴል ድረስ ይለካል። ከዚያ በግምቱና በእውነተኛው ምስል መካከል ያለው ልዩነት ይጨመራል። ግምቱ ጥሩ ከሆነ ልዩነቱ ኢምንት ነው፤ ፋይሉም ያንሳል። ግምቱ ካልሰመረ ልዩነቱ ይገዝፋል። ቢትሬቱ ጠባብ ከሆነ ያ ልዩነት ተቆርጦ ይጣላል። ካሬ ካሬ ሆኖ የምናየው ያን ጊዜ ነው።

ልብ በሉ፤ ቬክተሩ የሚናገረው መንሸራተትን ብቻ ነው። ባጃጅ በመንገድ ሲያልፍ ወይም ካሜራ ቀስ ብሎ ወደ ጎን ሲዞር ይህ በቂ ነው። ክብ መዞር ግን ሌላ ነገር ነው። የመሶብ ክዳን ሲሽከረከር መሃሉ ቆሞ ጠርዙ ይሮጣል፤ የቀኙ ጠርዝ ወደ ላይ ሲሄድ የግራው ወደ ታች ይሄዳል። ይህን በመንሸራተት ብቻ ለመግለጽ ኢንኮደሩ ምስሉን በጣም ትንንሽ ካሬዎች አድርጎ ለእያንዳንዱ የየራሱን ቬክተር መስጠት አለበት። ቢቱ የሚያልቀው እዚያ ነው። ዙም ማድረግም እንዲሁ ነው፤ ሁሉም ነገር ከመሃል ወደ ውጭ ይበተናል።

ይህን ለመፍታት የተሠራው ዘዴ አፋይን ሞዴል ይባላል። የቁራጩ ሁለት ማዕዘኖች የት እንደሄዱ ከተነገረ መንሸራተት፣ መዞርና ማደግ በአራት ቁጥር ይገለጻሉ። ሦስተኛ ማዕዘን ሲጨመር ስድስት ቁጥር ይሆንና መጣመምም ይካተታል። እ.ኤ.አ. በ2020 የጸደቀው ኤች 266 ሁለቱንም ይዟል፤ ለየ4 በ4 ፒክሴሉ የራሱን ቬክተር ከማዕዘኖቹ አስልቶ ያወጣል። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ኤቪ 1 ደግሞ የካሜራውን አጠቃላይ እንቅስቃሴ ለመላው ፍሬም አንድ ጊዜ የሚገልጽ ዘዴ አለው። ከጎረቤት ቁራጮች ቬክተር ተነስቶ መጣመምን የሚገምትም አለው።

ኤች 265 ግን ከእነዚህ አንዱም የለውም። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው ይህ ኮዴክ ቁራጩን እስከ 64 በ64 አሳድጓል፤ የጎረቤትን ቬክተር መዋስንም አሻሽሏል። በጥቅሉ ፋይል ይቀንሳል። ስለ መዞር ያለው ዕውቀት ግን ከኤች 264 አይለይም። ባለቤቱ ይህን ሲሰማ "ታዲያ ለምን አዲስ ተባለ?" ብሎ ሳቀ።

ምርመራው

ኤፍኤፍኤምፔግ የተባለው የቪዲዮ ፕሮግራም ቬክተሮቹን በምስሉ ላይ እንደ ቀስት አድርጎ የሚያሳይ ማጣሪያ አለው። ነጻ ነው። በቬክተር ደረጃ ምን እየሆነ እንደሆነ በዓይን ለማየት ከዚህ የተሻለ አላውቅም። የእያንዳንዱን ፍሬም መጠንም ዘርዝረን አወጣን።

የድሮኑ ትዕይንት እንደተጠበቀው ነበር። ቀስቶቹ በክብ ተደርድረዋል፤ ቁራጮቹም ደቀዋል። አንድ ያልተጠበቀ ነገር ግን አለ። ኤዲተሩ ለማሳመር ሲል ትዕይንቱን በእጥፍ ፍጥነት አስኪዶታል። ስለዚህ በሁለት ፍሬም መካከል ያለው የመዞር መጠንም በእጥፍ አድጓል።

ውሃው ላይ ቀስቶቹ ሥርዓት የላቸውም። በየአቅጣጫው ይረግጣሉ። ከሰዓት ላይ ሐይቁ ንፋስ ይነሳበታል፤ ሞገዱ ላይ ፀሐይ ትንጸባረቃለች። ያ ብልጭታ ከየትም ተንሸራቶ የመጣ አይደለም። እዚያው ይወለዳል፣ እዚያው ይጠፋል። እንዲህ ያለውን አፋይንም አይገምተውም። በየሰከንዱ የሚጠራው ደግሞ ሌላ ምክንያት ነበረው፤ የኤዲቲንግ ፕሮግራሙ በየሰከንዱ ሙሉ ፍሬም እንዲያስገባ ተደርጎ ነበር።

የሁለተኛው ካሜራ ነገር ነው ከሁሉ ያስተማረን። ካሜራው ከአሜሪካ የመጣ ነው። በሰከንድ 30 ፍሬም፣ በ60ኛ ሰከንድ ሻተር (ለእያንዳንዱ ፍሬም ብርሃን የሚገባበት ጊዜ) ይቀርጽ ነበር። አሜሪካ መብራቱ 60 ኸርዝ ስለሆነ እዚያ ትክክል ነው። የእኛ 50 ኸርዝ ነው። አምፖል በሰከንድ 100 ጊዜ ይርገበገባል። በ50ኛ ሰከንድ ሻተር ልክ ሁለት ርግብግቢት ይገባል። በ60ኛ ሰከንድ ግን አንድ ከሁለት ሦስተኛ ነው የሚገባው። ስለዚህ ብርሃኑ ከፍሬም ፍሬም ይለያያል። ሰው ቆሞ እያለ እንኳ ኮዴኩ የሚያየው ምስል ይቀያየራል።

ይባስ ብሎ የፊልሙ ታይምላይን (ቁርጥራጮቹ ተደርድረው የሚቀጠሉበት) በሰከንድ 25 ፍሬም ነበር። ፕሮግራሙ 30ውን ወደ 25 ሲያወርድ ጎረቤት ፍሬሞችን እያደባለቀ ነው። ስሌቱን ብታዩት ከአምስት ፍሬም አራቱ የሁለት ፍሬም ቅልቅል ናቸው፤ የቅልቅሉ መጠንም ከአንዱ ወደ አንዱ ይለያያል። የሚጨፍር ሰው አንዴ ጥርት ብሎ፣ አንዴ ጥላ ሰርቶ ይታያል። ዓይን በጥድፊያ አያስተውለውም። ኢንኮደሩ ግን ለዚያ ጥላ ሁሉ ቢት ይከፍላል። "ውስብስብ እንቅስቃሴ" ብለን ያሰብነው ግማሹ እኛው ዴስክ ላይ የተፈጠረ ነበር።

የተወሰዱ እርምጃዎች

የመጀመሪያው ቀላል ነበር። ኤክስፖርቱ በግራፊክስ ካርዱ ኢንኮደር፣ በቋሚ ቢትሬት ይሠራ ነበር። ፈጣን ነው፤ ነገር ግን ለቡራኬውም ለጭፈራውም እኩል ቢት ይሰጣል። ኤች 264ን በሶፍትዌር ወደሚጨምቀው ኢንኮደር፣ ወደ ኤክስ 264፣ በባለሁለት ዙር ተቀየረ፤ በመጀመሪያው ዙር ፊልሙን ያጠናል፣ በሁለተኛው ይጨምቃል። አሁን ጸጥ ያለው ትዕይንት ያተረፈው ለጭፈራው ይተላለፋል። ሙሉ ፍሬም የሚገባበት ርቀትም እስከ 250 ፍሬም፣ ማለትም በ25 ፍሬም ስሌት 10 ሰከንድ ድረስ፣ ተለቀቀ። ሐይቁ በየሰከንዱ ብልጭ ማለቱ በዚህ ብቻ ጠፋ። በሪሞት ወደፊት ሲያሳልፉት ቲቪው ትንሽ ይዘገያል፤ ማንም አላማረረም።

ሁለተኛው ካሜራ ላይ ማደባለቁ ጠፍቶ በምትኩ ከስድስት ፍሬም አንዱ እንዲጣል ተደረገ። ካሜራው ወደ ጎን በሚዞርበት ቦታ ትንሽ መንገጫገጭ አለ። ጭፈራው ውስጥ ግን አይታወቅም። የብርሃን መለዋወጡን በሚያለሳልስ ማጣሪያም አለፈ። የአዳራሹ ክፍል መጠን ጉልህ ቅናሽ ያሳየው እዚህ ላይ ነው።

አዳራሹ ጨለም ያለ ስለነበር በምስሉ ላይ ነጥብ ነጥብ የሚል ኖይዝ ነበር። ኖይዝ በየፍሬሙ አዲስ ነው። የትኛውም የእንቅስቃሴ ሞዴል ካለፈው ፍሬም ሊያገኘው አይችልም። ቀላል የኖይዝ ማጣሪያ ስናሳልፈው ለቴሌግራሙ ፋይል ትልቁን ትርፍ ሰጠ። ኤዲተሩ በመጀመሪያው ሙከራ ማጣሪያውን አጠንክሮት ነበር። ፊት ሰም መሰለ፤ የሀበሻ ቀሚሱም ጥለት ጠፋ። ሠርግ ላይ ጥለት ከጠፋ የሙሽሪት ወገን አይምርህም። በትንሹ ተመለሰ።

ለጭፈራው የረዳው ሁለት አቅጣጫ የሚያዩ ፍሬሞችን መጨመር ነው። አንድ ሰው እጁን ሲያነሳ ከኋላው ተሸፍኖ የነበረው ግድግዳ ይገለጣል። ያ ግድግዳ ባለፈው ፍሬም ውስጥ የለም። በሚቀጥለው ግን አለ። ወደፊትም ወደኋላም የሚያይ ፍሬም ከዚያ ይወስደዋል። የፎቶግራፈሮቹ ፍላሽ ያስከተለው ጉዳትም የሚጣቀሱ ፍሬሞችን ቁጥር በመጨመር ቀነሰ። ፍላሽ ከበራ በኋላ ያለው ፍሬም የበራውን ዘሎ ከዚያ በፊት የነበረውን ማየት ይችላልና።

የድሮኑ ትዕይንት ወደ መደበኛ ፍጥነቱ ተመለሰ። እንዳይረዝምም አጠረ። ሐይቁ ሙሉ ፍሬም ከሚሞላባቸው ትዕይንቶች አንዳንዶቹ ውሃው ሲሶ ብቻ በሚይዝባቸው ተተኩ። በቀሩት ላይ ውሃው ትንሽ ይደብዝዝ ብለን ተውነው። ሰው የሚያየው ሙሽሮቹን ነው።

ያልሠራው

የፍለጋውን ስፋት ማስፋት ብዙ ተስፋ ተጥሎበት ነበር። ኤክስ 264 ሲጀመር ወደ 16 ፒክሴል ዙሪያ ነው የሚፈልገው። አስፍተን ሞከርን። ፈጣን ጭፈራ ላይ ጥቂት ረዳ። ውሃው ላይ ምንም ለውጥ አላመጣም፤ የሌለ ነገር ርቆ በመፈለግ አይገኝም። የኢንኮዲንጉ ሰዓት ግን ተራዘመ።

በእጅ የተቀረጸውን በሶፍትዌር ማረጋጋትም ያሰብነውን ያህል ፋይሉን አልቀነሰም። ምክንያቱን ለማወቅ ጊዜ ወሰደ። መንቀጥቀጥ በራሱ መንሸራተት ስለሆነ ለኮዴኩ ርካሽ ነው። ውዱ በመንቀጥቀጡ የሚመጣው ብዥታ ነው። የደበዘዘ ፊትና የጠራ ፊት አይገጣጠሙም። ምስሉን ማረጋጋት ብዥታውን አያወጣውም። ለዓይን ያምራል፤ ለፋይሉ መጠን ግን ከቀረጻው በፊት ጊምባል (ካሜራን የሚያረጋጋ መያዣ) መያዝ ነው የሚሻለው።

ኤቪ 1ም ተሞከረ። የድሮኑ ክብ ዙር ላይ የሰጠው ውጤት እውነትም ያስደስታል። በዚያው ቢትሬት ኤች 264 የሚበታትነውን ምስል ይዞ ይዞራል። ውሃው ላይ ግን ልዩነቱ ጠባብ ነው። ደግሞም በስቱዲዮው ኮምፒውተር በጣም ይዘገያል። መብራት መሃል ላይ ሲጠፋ ሥራው ከዜሮ ይጀመራል። ይህን ለመቋቋም ፊልሙን በትዕይንት ከፋፍሎ ኢንኮድ ማድረግና በመጨረሻ ማገጣጠም ተለመደ፤ ለሌሎቹም ኮዴኮች ጠቅሟል። ኤቪ 1ን ያስጣለን የተቀባዩ ስልክ ነው። ይህን ኮዴክ በሃርድዌር የሚያጫውቱ አይፎኖች እ.ኤ.አ. በ2023 ከወጣው 15 ፕሮ ጀምሮ ያሉት ናቸው። ደቡብ አፍሪካ ላሉት ዘመዶች "ሌላ ማጫወቻ አውርዱ" ማለት አልተፈለገም።

የተሰጠው ሥራ

ለፍላሹ ኤች 264፣ ለቴሌግራሙ ኤች 265 ተሰጠ። ሁለቱም ከጣሪያቸው በታች ናቸው። ኤች 265 የተመረጠው በጥቅሉ ለሚያስገኘው ቅናሽ ነው። እናትየው ፍላሹን ካዩ በኋላ ስለ ጭፈራው አመሰገኑ። ሐይቁ አሁንም ከካሜራው ኦሪጅናል ጋር ሲወዳደር ይደበዝዛል። ኤዲተሩ ያውቀዋል፣ እኔም አውቀዋለሁ፤ ሳሎን ቁጭ ብሎ ለሚያይ ሰው ግን አይታይም።

ወደ ሌላ ሥራ የሚሻገረው

ስቱዲዮው ከዚህ በኋላ ሁሉንም ካሜራ ወደ 25 ወይም 50 ፍሬም፣ ሻተሩንም ወደ 50ኛ ወይም 100ኛ ሰከንድ ያስተካክላል። ከውጭ የመጣ ካሜራ ሁሉ መጀመሪያ ሜኑው ይታያል። ይህ ምንም ገንዘብ አያስወጣም፤ በኢንኮዲንግ በኩል ከተደረገው ከአብዛኛው በላይ ይጠቅማል።

በ50 ፍሬም የተቀረጸን በ25 ማስረከብ ፋይሉን በግማሽ ይቀንሳል ብለው የሚያስቡ አሉ። አይቀንስም። ፍሬሙ በግማሽ ሲያንስ በሁለት ፍሬም መካከል ያለው እንቅስቃሴ በእጥፍ ስለሚያድግ እያንዳንዱ ፍሬም ይከብዳል። ቅናሽ ይኖራል፤ ግማሽ ግን አይሆንም።

ለፍቼ ጫምባላላ በዓል ጉዱማሌ ላይ የሚቀርጹ ባልደረቦችም ይህንኑ ይጋፈጣሉ። እዚያ በሺህ የሚቆጠር ሰው በአንድ ጊዜ ይዘላል፤ አቧራ ይነሳል። ድሮኑን ቀጥ አድርጎ ወደ ጎን ማስኬድ በዙሪያው ከማሽከርከር እጅግ ይረክሳል። መሽከርከሩ ለፊልሙ የግድ ካስፈለገ በዝግታና ለአጭር ጊዜ ይሁን። አቧራው እንደ ውሃው ነው፤ ከበስተጀርባ ይቆይ እንጂ ፍሬሙን አይሙላ።

አዲስ ኮዴክ ወይም አዲስ ኮምፒውተር ከመግዛት በፊት የሚደረግ አንድ ሙከራ አለ። ከፊልሙ የከፉትን ትዕይንቶች፣ ከድሮኑ፣ ከውሃው፣ ከጭፈራውና ከጨለማው፣ አጭር አጭር ቁራጭ አውጥቶ አሁን በሚሠራበትም በአዲሱም ኮዴክ በእኩል ቢትሬት መጭመቅ ነው። ከዚያ ጎን ለጎን በቲቪ ማየት። የመዞሩ ትዕይንት ብቻ ከተሻሻለና ስቱዲዮው ድሮን የሚከራየው አልፎ አልፎ ከሆነ፣ ገንዘቡ ለጊምባልና ለአዳራሽ መብራት ቢውል ይሻላል።